የሐጂ መሪ

ሐጂ መጀመሪያ ጋራዥ የመጡ ቀን ያሉኝ ነገር አንድ ብቻ ነው። «ልጄ፣ ይሄ መሪ ባዶ ነው።»

እኔ ድሬዳዋ የምሠራ መካኒክ ነኝ። ሥራዬ በብዛት ከመኪና ሥር ነው፤ ቴስቲና (መሪውን ከጎማ ጋር የሚያገናኘው መጋጠሚያ)፣ ፍሬን፣ መሪ፣ የመሳሰለው። «መሪው ይጎትታል» የሚል ደንበኛ ይገባኛል። «ይጮሃል»፣ «ከበደኝ»፣ «ይንቀጠቀጣል» ቢለኝም ይገባኛል። «ባዶ ነው» ሲባል ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

መኪናዋ የ2006 ሞዴል ያሪስ ናት፣ ሁላችንም ቪትዝ የምንላት። ልጃቸው ነው የገዛላቸው። በክሪክ አነሳኋት፣ ጎማውን ግራ ቀኝ ነቀነቅሁት፣ ከሥር ገብቼ ረዳቴ መሪውን እያወዛወዘ አየሁ። የጎማ ንፋስ ለካሁ። የግራው የመሪ ቴስቲና ትንሽ ላላ ያለ መሰለኝ። መሰለኝ ነው የምለው፣ ዛሬ ቢሆን አልቀይረውም ነበር። ሁለቱንም ቀየርኩ፣ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) አሠራሁ፣ ሒሳብ ተቀበልኩ።

በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ምንም አልተቆጡም። «አቦ ልጄ፣ አሁንም ባዶ ነው» ብለው ቁልፉን አስቀመጡልኝ።

ያኔ ነው መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝን ጥያቄ የጠየቅኳቸው። ከዚህ በፊት ምን ነበር የሚነዱት?

ሐጂ ለረጅም ዓመት ሐረር ውስጥ ታክሲ ነድተዋል፣ በፔጆ 404። ሐረርን የሚያውቅ ሰው እነዚያን ፔጆዎች ያውቃቸዋል። ፈረንሳዮቹ መሥራት የጀመሩት በ1960 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሐረር ላይ ግን ስንትና ስንት መኪና መጥቶ ሲሄድ እነሱ ከጀጎል በሮች ውጪ ተሰልፈው ሰው ሲጭኑ ኖሩ። የዚያ መኪና መሪ ምንም እገዛ የለውም። መሪውን ስታዞር ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው ጥርስ ሌላውን ጥርሳም ብረት ይገፋል፣ እሱም ጎማውን ይገፋል፣ በቃ። ዘይት የለ፣ ሞተር የለ። ጎማው ድንጋይ ሲረግጥ ያው መንገድ ተገልብጦ ወደ እጅ ይመጣል። ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው «ጠጠሩን በእጄ እቆጥረው ነበር» ሲሉኝ ማጋነን መስሎኝ ነበር። አላጋነኑም።

እንደ ዕድል ሆኖ የዚያን ቀን ጋራዥ ውስጥ የ1998 ኮሮላ ነበረች፣ በዘይት የሚሠራ ፓወር ስቲሪንግ ያላት። ባለቤቱን አስፈቅጄ ሐጂን አስቀመጥኳቸውና ከዚራ ሰፈር ድረስ ደርሰን ተመለስን። ከዚያ በራሳቸው ቪትዝ ያንኑ መንገድ ደገምነው። እንዲህ አድርጌ አስረዳኋቸው፤ የዘይቱ ላይ የሞተሩ ችንጋ ፓምፕ ያዞራል፣ ፓምፑ ዘይቱን እርስዎ ወደሚያዞሩበት አቅጣጫ ይገፋዋል። እርስዎ ሲያዞሩ ያግዝዎታል፣ መንገዱ መልሶ ሲገፋ ደግሞ ግፊቱ በዘይቱ መሐል አልፎ ጥቂት ጥቂት እያለ እጅዎ ይደርሳል። ቪትዟ ላይ ዘይት የለም። ዳሽቦርዱ ሥር፣ መሪው ዘንግ ላይ ኤሌክትሪክ ሞተር አለ። ሴንሰር እጅዎ ምን ያህል እንደጠመዘዘ ይለካል፣ ኮምፒውተሩ የመኪናዋን ፍጥነት ያያል፣ ለሞተሩ ይህን ያህል አግዝ ይለዋል። ቆመው ሲያዞሩ ብዙ ያግዛል፣ ሲፈጥኑ ይቀንሳል። እጅና ጎማ አሁንም በብረት እንደተያያዙ ናቸው፣ ግን ያ ሞተርና ጥርሶቹ የራሳቸው ሰበቃ ስላላቸው ጠጠር የምትልከው ትንሽ ንዝረት እዚያው ተውጣ ትቀራለች። ሐጂ የሚያውቁት ወሬ ነው የጠፋባቸው።

ይሄ የሽማግሌ ቅሬታ እንዳይመስላችሁ። በ2010 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የ2009 እና የ2010 ኮሮላ ላይ ምርመራ የከፈተው አሽከርካሪዎች «በፈጣን መንገድ ላይ መሪው ቀጥ አይልልንም፣ ይዋልላል» ብለው ስላመለከቱ ነው። ያም ኤሌክትሪክ መሪ ነበር። ነገሩ ቶሎ ቶሎም ነው የተለወጠው። ፍራንሲስ ዴቪስ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ የዘይት እገዛውን በ1920ዎቹ ሠርቶ ቢያሳይም ለገበያ በወጣ የቤት መኪና ላይ የታየው በ1951 በክራይስለር ኢምፔሪያል ነው። ኤሌክትሪኩ ደግሞ በ1988 ሱዙኪ ሰርቮ በምትባል ትንሽዬ መኪና ጀመረ። አንድ ሰው በአንድ ዕድሜው ሦስቱንም ሊነዳ ይችላል። ሐጂ ነድተዋል።

እሳቸውም ገባቸው። «እንግዲያው በሽታ አይደለም» አሉ። አይደለም አልኳቸው። ደስ አለኝ፣ እውነቱን ለመናገር በራሴ ኮራሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስጽፍ ነው ከባዱ።

አንድ ወር ገደማ አልፎ ሐጂ ደወሉ። ሐረር ዘመድ ጠይቀው ማታ ሲመለሱ፣ የደንገጎን ቁልቁለት ሲወርዱ፣ ሁለት መታጠፊያ ላይ መሪው «ደረቀብኝ» አሉኝ። ደርቆ ወዲያው ተመለሰ። የሆነ መብራትም በርቶ ጠፋ መሰለኝ አሉ። መንገዱን ለማያውቅ፣ ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ላይ ሐረማያ ስትደርስ 2000 ገደማ ነው፤ ያን ሁሉ ከፍታ የምትወጣውና የምትወርደው በአብዛኛው በደንገጎ ጥምዝምዝ ነው። እዚያ መሪ መድረቅ ምን ማለት እንደሆነ ድሬ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ግን ምን አልኩ? «ሐጂ፣ ያወራነው ነው እኮ። ፔጆ አይደለችም፣ እጅዎ ገና አልለመዳትም።»

ዝም አሉ። ከዚያ «እሺ ልጄ» ብለው ዘጉት።

ያ «እሺ» እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሰውየው መሪ አያውቁም? ከኔ ዕድሜ የሚበልጥ ጊዜ መሪ ይዘው የኖሩ ሰው ናቸው። እኔ ግን አንድ አዲስ ነገር አውቄ ስለነበር ሁሉን ነገር በእሱ መፍታት ጀመርኩ። የትውልድ ልዩነት ነው፣ የልምድ ጉዳይ ነው፣ በቃ። ቢያንስ ያን መብራት እንኳን ልጠይቃቸው ይገባ ነበር።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ልጃቸው መኪናዋን ይዞ መጣ። ፊቱ ተለዋውጧል። ማታ እሱ ራሱ እየነዳ፣ ሐጂ ከጎኑ ሆነው፣ ቁልቁለቱ ላይ መሪው ደርቆበት መታጠፊያው ጠርዝ ላይ ካሉት ድንጋዮች ጥቂት ክንድ ሲቀረው ነው ያቆመው። ማንም አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ። ልጁ ፔጆ ነድቶ አያውቅም። መንዳት የለመደው በዚችው ቪትዝ ነው። ስለዚህ «አልለመድከውም» ልለው አልችልም።

ቮልት የሚለካውን ቴስተር አምጥቼ ባትሪው ላይ ሰካሁ። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ)፣ ምንም ሳይበራ፣ 13 ቮልት አካባቢ። ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ጤነኛ ቢሆን 14 አካባቢ መስጠት ነበረበት። የፊት መብራትና ማቀዝቀዣውን አበራሁ፣ ከ12 በታች ወረደ። ከዚያ ረዳቴን መሪውን እስከ ጫፍ አዙር አልኩት። ከ10 በታች ገባ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የመሪው መብራት ብልጭ አለ፣ ረዳቴም «ደረቀ!» ብሎ ጮኸ። ሲለቀው ቮልቱ ተመለሰ፣ መብራቱም ጠፋ።

የዲናሞው ካርቦን፣ ውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ትንሽ ቁራጭ፣ አልቆ ነበር። የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ከቦዲው ጋር የታሰረበት ቦታም ዝጎ ነበር። ያ የመሪ ሞተር ደግሞ ሲጨናነቅ በአስሮች የሚቆጠር አምፔር ይፈልጋል፣ ከመኪናዋ ኤሌክትሪክ ዕቃዎች በጣም ከሚበሉት አንዱ ነው። ቀን ከተማ ውስጥ የፊት መብራቱ ስለማይበራ ችግሩ አይታወቅም። ማታ ቁልቁለት ላይ ግን መብራቱ በርቷል፣ ማቀዝቀዣው በርቷል፣ መታጠፊያው ጋ ፍሬን ይዘህ ስትቀንስ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ይወርዳል፣ ዲናሞው ይደክማል፣ አንተ ደግሞ ልክ በዚያች ሰዓት መሪውን በኃይል ታዞራለህ። ኮምፒውተሩ ቮልቱ ሲወርድበት እገዛውን ይተወዋል።

እገዛው ሲጠፋ ደግሞ ቪትዟ ወደ ፔጆነት አትመለስም። ይሄን ያልተረዳ ብዙ ሰው አለ። ፔጆዋ በእጅ ብቻ እንድትዞር ታስባ የተሠራች ናት። መሪዋ ሰፊ ነው፣ ጎማዋ ቀጭን ነው፣ ብዙ ዙር ታዞርና እያንዳንዱ ዙር ይቀልሃል። ቪትዟ ግን በጥቂት ዙር እንድትታጠፍ የተሠራችው ሞተሩ አለ ተብሎ ነው። ሞተሩ ሲተኛ በዚያ አጭር ዙር ጎማውን ትገፋለህ፣ የተኛውንም ሞተር አብረህ ታዞራለህ። ከምንም በላይ የሚያስፈራው ድንገተኛነቱ ነው። ፔጆዋ ጠዋትም ማታም ከባድ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ስለ መሪ ሲያማርር ሁለት ነገር ነው የምጠይቀው፤ በፊት ምን ይነዱ ነበር፣ ሁልጊዜ ነው ወይስ አንዳንዴ? ሁልጊዜ ቀላል ከሆነ፣ ሁልጊዜ ድምፅ አልባ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የመኪናው ተፈጥሮ ነው። ከተለዋወጠ ግን ሰውየው መቶ ዓመትም ይሁነው መኪናዋን አያለሁ፣ ያውም ከባትሪው ጀምሬ። (አንድ ልዩ ነገር አለ። ቦታ ላይ ቆመው መሪውን ደጋግመው ከጫፍ ጫፍ ካዞሩት ሞተሩ እንዳይቃጠል ራሱ እገዛውን ይቀንሳል፣ ሲበርድ ይመለሳል። መንዳት በሚያስተምሩ መኪናዎች ላይ አጋጥሞኛል። በድሬ ሙቀት ደግሞ ቶሎ ነው የሚመጣው።)

ካርቦኑን አስቀየርኩ፣ የገመዱን ማሰሪያ ፍቄ አጠበቅሁ። የቴስቲናውን ገንዘብ ቆጥሬ ለሐጂ ሰጠኋቸው። አልቀበልም አሉ። ብዙ ከተከራከርን በኋላ ግማሹን ወሰዱ። ይቅርታም ጠየቅኳቸው፣ በተለይ ለዚያ ስልክ። «መኪናዋን አሳየኝ» ብቻ አሉ።

በዚያው ማታ አብረን ደንገጎ ወጣን። ቴስተሩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ገመዱን ሲጋራ መለኮሻው ጋ ሰካሁ። ወደ ታች ስንመለስ ሐጂ ናቸው የነዱት፣ መብራትና ማቀዝቀዣ በርቶ። በየመታጠፊያው ቁጥሩን እጠራላቸዋለሁ፤ 13.8፣ 13.6፣ 13.7። እሳቸው መልስ አይሰጡም፣ እጃቸውን እያዳመጡ ነው። የድሬ መብራት ከታች መታየት ሲጀምር ፍጥነታቸውን ቀነሱ።

«አሁንም ባዶ ነው» አሉኝ። «ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ባዶ ነው።»