ሊኑክስ ስማር ማንም ያልነገረኝ፦ ሰርቨሩ አልነሳ ሲል

ሊኑክስ መማር ለሚጀምር ሰው የሚሰጠው የተለመደ ምክር ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ ትዕዛዞችን አጥና፣ ቀጥሎ ተጠቃሚና ፈቃድ፣ ቀጥሎ ዲስክ፣ ቀጥሎ ኔትወርክ ይሉሃል። ማሽኑ እንዴት እንደሚነሳና አልነሳም ሲል ምን እንደሚደረግ ግን በመጨረሻው ምዕራፍ ይቀመጣል፤ ብዙ ተማሪ ደግሞ እዚያ ሳይደርስ የእውነት ሰርቨር ይረከባል። እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው ያንኑ ሌሊት እንዳያድር ነው።

የመጀመሪያው ክፍል ብዙ የሚነገርለት ነገር የለውም። ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ስርጭት (ዓይነት) በቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በኮምፒውተሬ ውስጥ በሶፍትዌር በተሠራ ማሽን ላይ ጫንኩ። በ«ሲዲ» ከፎልደር ወደ ፎልደር መሄድ፣ በ«ኤልኤስ» መዘርዘር፣ በ«ሲፒ» መቅዳት፣ በ«ኤምቪ» ማዛወር ሳላስበው በእጄ ገባ። የትኛው የሊኑክስ ስርጭት ይሻላል በሚለው ክርክር ጊዜ አታጥፉ። ሴንትኦኤስ የተባለው ስርጭት ለዓመታት «የማይነቃነቅ» ተብሎ ሲመከር ኖሯል፤ ሆኖም እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይቆያል የተባለው የሴንትኦኤስ 8 ድጋፍ በ2021 ማብቂያ እንደሚቋረጥ በ2020 መጨረሻ ተነገረ፤ ብዙ አስተዳዳሪዎችም ሮኪና አልማ ወደተባሉ ሌሎች ስርጭቶች ለመሸጋገር ተገደዱ። በአብዛኞቹ ስርጭቶች ላይ አንድ ዓይነት የሆነውን የተማረ ሰው ግን ብዙም አልተጎዳም፤ ትዕዛዝ የሚጻፍበት ሼሉ ያው ነው፣ ፈቃዱ ያው ነው፣ ማሽኑን የሚያስነሳውና አገልግሎቶቹን የሚያስተዳድረው ሲስተምዲም ያው ነው።

ልቤን የማረከው የትዕዛዝ መስመሩ ነው። ሊኑክስ ሐሳቡን የወረሰበት ዩኒክስ በ1969 በቤል ላብራቶሪ ሲጀመር የነበሩት ሰዎች፣ በኋላም የአንዱን ትዕዛዝ ውጤት ለቀጣዩ የሚያቀብለውን «ቧንቧ»ን የጨመሩት፣ ምን ያህል አርቀው እንዳሰቡ የገባኝ የመግቢያ መዝገቡን ሳነብ ነው። ሰርቨሩን በሐሰተኛ የይለፍ ቃል ሲያንኳኩ የሚያድሩትን አድራሻዎች ማወቅ ፈለግሁ። በ«ግሬፕ» ያልተሳኩትን መስመሮች ለየሁ፣ በ«ኦክ» አድራሻውን ብቻ አወጣሁ፣ በ«ሶርት» ደረደርኩ፣ በ«ዩኒክ» ቆጠርኩ፣ መልሼ በ«ሶርት» ከብዙ ወደ ጥቂት አስቀመጥኩ። ከ«ዩኒክ» በፊት መደርደር ግድ ነው፤ ምክንያቱም እርሱ የሚያጣምረው ጎን ለጎን ያሉ ተመሳሳይ መስመሮችን ብቻ ነው። አራት ትንንሽ መሣሪያዎች፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሥራ ብቻ የሚያውቁ፣ በአንድ መስመር ተያይዘው ማንም ያልጻፈልኝን ፕሮግራም ሠሩልኝ። ከዚያ ወዲህ ወደ ኋላ አላልኩም።

ስለ ፈቃድም ጥቂት ልበል። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ነው፤ ድምሩ ለባለቤቱ፣ ለቡድኑና ለሌላው ሰው ለየብቻ ይሰጣል። አንድ ነገር አልከፈት ሲል «777 ስጠው» የሚል ምክር በየቦታው ታገኛላችሁ። አትቀበሉ። የቤት ፎልደራችሁን 777 ብታደርጉት ከርቀት የሚያስገባችሁ የኤስኤስኤች አገልጋይ በተለመደው ቅንብሩ ቁልፋችሁን አይቀበልም፤ ማንም ሊጽፍበት በሚችል ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ የቁልፍ ዝርዝር ሊታመን አይገባም ይላል፤ ትክክልም ነው። ይህን ያልነገራችሁ መካሪ ከሰርቨራችሁ ውጭ ቆልፎባችሁ ሄደ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዲስኩ ጉዳይ።

በተከራየሁት ሰርቨር ላይ ሁለት ተጨማሪ ዲስኮች አያያዝኩ። አንዱን ከፋፍዬ፣ የፋይል ሥርዓት ሠርቼለት ለመረጃ አዋልኩት። ሌላውን ወደፊት ለመጠባበቂያ ቅጂ እንዲሆን ምንም ሳልነካው ተውኩት። ዲስክ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር በራሱ እንዲያያዝ በ«ኢቲሲ» ፎልደር ውስጥ ባለው «ኤፍኤስታብ» በሚባለው ፋይል ላይ አንድ መስመር ይጻፋል። የምማርበት ማሠልጠኛ የሰጠን መመሪያ መስመሩን «ኤስዲቢ1» በሚለው የዲስክ ስም ጻፉት፣ ከዚያ ዲስክ የሚያያይዘውን «ማውንት»ን ከ«ኤ» አማራጭ ጋር አስኪዱ፣ ስህተት ካላሳየ ሥራው ተጠናቋል ይላል። ቃል በቃል ፈጸምኩ። ስህተት የለም። ዲስኩ ተያያዘ፣ መረጃው ገባ፣ ሥራው ቀጠለ።

ከሳምንታት በኋላ የከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ዝማኔ መጣ፤ ማሽኑን ዳግም ማስነሳት ያስፈልግ ነበር። አስነሳሁት። አልተመለሰም።

አከራዩ ድርጅት በአሳሽ በኩል የሚከፈት ኮንሶል ይሰጣል፤ በዚያ በኩል ገብቼ ስክሪኑን ተመለከትኩ። ማሽኑ «ኤስዲቢ1»ን እየጠበቀ ነው፤ ከጎኑ ሰከንዶች ይቆጠራሉ፤ ጣሪያው 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነው። ጊዜው አለቀ፤ ወደ አደጋ ጊዜ ሁነታ ገባሁ አለ። እሺ፣ አሁን ገብቼ አስተካክላለሁ ስል ቀጣዩ መልእክት መጣ፦ የ«ሩት» (የዋናው አስተዳዳሪ) መለያ ተቆልፏል፣ ኮንሶሉን መክፈት አይቻልም፣ ለመቀጠል ኢንተርን ይጫኑ። ተጫንኩ። ያው መልእክት ተመለሰ። እንደገና ተጫንኩ፤ እንደገና ያው።

ለአከራዩ ጻፍኩ። መልሱ ስርዓተ ክወናውን እንደ አዲስ እንድጭን፣ የመረጃ መጠባበቂያም የደንበኛው ኃላፊነት እንደሆነ የሚገልጽ ነበር። የስክሪኑን መልእክት ቃል በቃል ገልብጬ እንደገና ጻፍኩ፤ የሰውየው ስም ተለወጠ እንጂ ጽሑፉ ያው ነበር። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይህ ነው። ጥፋቱ በአንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ያለ አንድ መስመር ነው፤ ይህ ደግሞ በስክሪኑ ላይ በግልጽ ተጽፏል። እነርሱ ግን አንድ መስመር ከማንበብ የሰው ዲስክ ሙሉ በሙሉ ማጥፋትን መረጡ። ደመወዝ የሚከፈላቸው ይህን ለማወቅ ነው!

የሆነው ይህ ነው። «ኤስዲኤ»፣ «ኤስዲቢ»፣ «ኤስዲሲ» የሚሉት ስሞች ለዲስኩ የተሰጡ ቋሚ ስሞች አይደሉም፤ ከርነሉ ዲስኮቹን ባገኘበት ተራ የሚያድላቸው ናቸው። ዛሬ ሁለተኛ የተገኘ ዲስክ ነገ ሦስተኛ ሊሆን ይችላል፤ ከርነሉ ተራው አይለወጥም ብሎ ቃል አልገባም። በዚያ ሌሊት ያልተነካው ዲስክ «ኤስዲቢ» ሆነ፤ የመረጃው ዲስክ ወደ «ኤስዲሲ» ወረደ። አዲሱ «ኤስዲቢ» ክፍልፍል ስለሌለው «ኤስዲቢ1» የሚባል ነገር በማሽኑ ላይ አልነበረም። መመሪያው ያዘዘው ሙከራም ውሸት አልተናገረም፤ ያረጋገጠው ግን ስሙ በዚያች ደቂቃ ትክክል መሆኑን ብቻ ነው። ማሽኑ ሲነሳ ምን እንደሚሆን አልፈተነም።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ይባስ። ሲስተምዲ ኤፍኤስታብን አንብቦ እያንዳንዱን መስመር ለመነሳት የግድ የሚያስፈልግ አድርጎ ይወስደዋል፤ «ኖፌይል» የሚል አማራጭ ካልተጻፈበት በቀር። የእኔ ስርዓተ ክወና ለመነሳት የመረጃውን ዲስክ አይፈልግም ነበር። የጎተራው ቁልፍ ጠፋ ተብሎ የመኖሪያ ቤቱ በር ተቆለፈ። መመሪያው ስለዚህ አማራጭ አንድ ቃል አልጻፈም።

መውጫውን ያገኘሁት ሌሊቱን «ማን» የሚባሉትን የሊኑክስ መመሪያ ገጾች እያነበብኩ ነው። ማሽኑን አጥፍቼ ሳስነሳው «ኢስኬፕ»ን በመጫን ከርነሉን የሚጭነውን የመነሻ ፕሮግራም፣ የግሩብን ዝርዝር አወጣሁ፤ በአሮጌው የባዮስ አነሳስ ግን «ሺፍት»ን ተጭኖ መያዝ ነው። በመጀመሪያው ምርጫ ላይ «ኢ» የምትለውን ፊደል መጫን የመነሻውን ጽሑፍ ይከፍታል። «ሊኑክስ» በሚል ቃል የሚጀምረውን ረጅም መስመር ፈልጌ በመጨረሻው ላይ «ኢኒት»፣ የእኩል ምልክት፣ ከዚያ ባሽ የተባለውን ሼል ሙሉ አድራሻ ጨመርኩ። ኮንትሮልና «ኤክስ» ተጫንኩ። ይህ ለከርነሉ ሲስተምዲን ተወው፣ ባሽን ብቻ አስነሳልኝ ማለት ነው። የይለፍ ቃል አልተጠየቅሁም። የሩት ምልክት ወጣ።

በዚህ ሁኔታ ዋናው ዲስክ ለንባብ ብቻ ስለሚያያዝ ፋይል ማረም አይቻልም። በ«ማውንት» ለንባብና ለጽሑፍ ዳግም አያያዝኩት፤ ኤፍኤስታብን በ«ቪአይ» አርታዒ ከፈትኩ፤ በዚያ መስመር መጀመሪያ ላይ የአስተያየት ምልክቱን አስገባሁ፤ አስቀመጥኩ፤ ለውጡ ዲስኩ ላይ እንዲጻፍ «ሲንክ» አልኩ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ «ኤግዚት» ብላችሁ አትውጡ፤ ባሹ የመጀመሪያው ሂደት ስለሆነ እርሱ ሲሞት ከርነሉ በድንጋጤ ይቆማል። ተራው የ«ሪቡት» ትዕዛዝም የሚያነጋግረው ሲስተምዲ ስለሌለ አይሠራም፤ በ«ኤፍ» አማራጭ ማስገደድ ያስፈልጋል። አስገደድኩት። ማሽኑ ተነሳ። መረጃው አንድ ፋይል ሳይጎድል በ«ኤስዲሲ1» ላይ ተቀምጧል። ድርጅቱ ደምስስ ያለኝን ሰርቨር በራሴ እጅ መለስኩት፤ በዚህ ኩራት ይሰማኛል፤ አልደብቀውም።

ከዚያ በኋላ የማደርገው ተለወጠ። ዲስክን በተራ ስሙ አልጽፍም፤ በራሱ መለያ፣ በዩዩአይዲ ነው የምጽፈው፤ ይህ ከፋይል ሥርዓቱ ጋር አብሮ ስለሚኖር ተራው ቢለዋወጥም አይለወጥም። ስርዓተ ክወናው ለማያስፈልገው ዲስክ ሁሉ «ኖፌይል» እጨምራለሁ። «ኖፌይል» ግን የራሱ አደጋ አለው፦ ዲስኩ ሳይያያዝ ማሽኑ ከተነሳ ፕሮግራሙ ባዶው ፎልደር ላይ ይጽፍና ዋናውን ዲስክ ይሞላል። ስለዚህ በዚያ መረጃ ላይ የሚሠራው አገልግሎት ዲስኩ ካልተያያዘ እንዳይጀምር በሲስተምዲ ፋይሉ ላይ «ሪኳየርስማውንትስፎር» የሚለውን መስመር አስገባለሁ። ኤፍኤስታብን ባረምኩ ቁጥር ስህተት እንዲፈትሽልኝ «ፋይንድማውንት»ን ከ«ቬሪፋይ» አማራጩ ጋር አስኬዳለሁ፣ ከዚያም ሲስተምዲ አዲሱን እንዲያነብ «ዴመን ሪሎድ» አዛለሁ።

ከዚያም እዚያው ቁጭ ብዬ ማሽኑን ዳግም አስነሳለሁ። ይህን ብዙ አንጋፋ አስተዳዳሪዎች ይቃወማሉ፤ ሰርቨራቸው ለምን ያህል ጊዜ ሳይጠፋ እንደቆየ መቁጠር ይወዳሉ። እኔ እንዲህ ያለውን ሰርቨር እፈራዋለሁ፤ ከመጨረሻው መነሳቱ ወዲህ በቅንብሩ የተለወጠውን ሁሉ ማንም አልፈተነውም። ስህተት ካለ ለውጡ ገና በአእምሮዬ እያለ፣ ኮንሶሉም ፊቴ ተከፍቶ እያለ ይውጣ። የሬድ ሃት ኩባንያ የአርኤችሲኤስኤ የሊኑክስ አስተዳዳሪነት ፈተና በዚህ ረገድ ክብር ይገባዋል፦ ተፈታኙ ያዋቀረው ሁሉ ማሽኑ ዳግም ሲነሳም ጸንቶ መገኘት አለበት። በምርጫ ጥያቄ ብቻ የምስክር ወረቀት ለሚሰጡት ግን ገንዘባችሁን አትስጡ።

ኡቡንቱ ሩትን ቆልፎ የሚመጣው በቂ ምክንያት ስላለው ነው። ቢሆንም ኮንሶል ባለው ሰርቨር ላይ እኔ ለሩት ጠንካራ የይለፍ ቃል እሰጣለሁ፤ በኤስኤስኤች በኩል ግን ሩት ፈጽሞ እንዳይገባ እከለክላለሁ። በኢንተርኔት በኩል ያለው በር ይዘጋ፤ በአደጋ ጊዜ የምገባበት በር ግን ክፍት ይሁንልኝ።

አሁን የሚጀምር ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የማስደርገው ይህንን ነው። ቨርቹዋል ማሽን ጫን፣ የሁኔታውን ቅጂ ያዝ፣ ኤፍኤስታብ ውስጥ የሌለ ዲስክ ስም ጻፍ፣ አስነሳ፣ ከዚያ አድነው። በግሩብ በኩል ሳትጨነቅ እስክትገባ ድረስ ድገመው። «ቪአይ»ንም ተማር፤ በማዳኛው ሰዓት ሌላ አርታዒ ላይኖር ይችላል። የ«ማን» ገጾች 5ኛው ክፍል ስለ ፋይሎች አጻጻፍ፣ 8ኛው ክፍል ስለ አስተዳደር ትዕዛዞች ነው፤ ኤፍኤስታብ በ5ኛው ክፍል ውስጥ አለ፣ «ኖፌይል»ም እዚያው ተጽፏል።

ለማሠልጠኛው ስለ መመሪያው ጽፌ ነበር። ዩዩአይዲ ለጀማሪ ስለሚከብድ በቀጣዩ ደረጃ ነው የምናስተምረው አሉኝ። እንዲያውም በመጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባው ጀማሪው ነው፤ የላቀው ተማሪ በግሩብ በኩል ይወጣል። መመሪያው አሁንም «ኤስዲቢ1» እንዳለ ነው። በእጃችሁ ካለ ያንን መስመር ከመጻፋችሁ በፊት ዲስኮችን የሚዘረዝረውን «ኤልኤስቢኤልኬ»ን ከ«ኤፍ» አማራጭ ጋር አስኪዱና ከዲስኩ ጎን የሚወጣውን ዩዩአይዲ በስሙ ፈንታ ቅዱት።