የሳሳ ስልቻ
ሴትዮዋን ልጃቸውና ጎረቤቶቻቸው በቃሬዛ ተሸክመው እኔ ወደማክምበት ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ያመጧቸው ረፋድ ላይ ነው። «ምች ነው የመታቸው፤ ዳማከሴ ጨምቀን አጠጥተናቸዋል» አለኝ ልጁ። እንጀራ ሲጋግሩ ራሳቸውን ድንገት ይዟቸው፣ አስመልሷቸው ወድቀዋል። «እትዬ፣ እንዴት ነው ያመመዎት?» ብላቸው «በመጥረቢያ የፈለጡኝ ነው የመሰለኝ» አሉ። አንገታቸው ገትሯል።

ይህን አነጋገር ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ያን ጊዜ ማይግሬን ነው ብዬ ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ አስወግቼ ሰውየውን ወደ ቤቱ ሸኘሁት። በሳምንቱ ሞተ። ስለ እሱ ሳልናገር የሴትዮዋን ማውራት አይሆንልኝም።

ስለዚህ አንጎላቸው ዙሪያ ደም ፈስሶ ይሆናል ብዬ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት ዲክሎፌናክና አስፕሪን እንዳይሰጣቸው ከለከልሁ። ሕመሙን በፓራሲታሞል አስታገስሁ፣ ራስጌያቸውን 30 ዲግሪ ያህል ከፍ አደረግሁ፣ 190 የነበረውን የላይኛውን የደም ግፊት ቀስ እያልሁ ከ160 በታች አወረድሁ። በሪፈሩ ላይ ጎላ አድርጌ የጻፍሁት ግን ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ነው። በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት የተነሳ ሲቲ ስካን፣ የራስ ቅልን ውስጥ የሚያሳየው ራጅ፣ አንጎል ዙሪያ የፈሰሰን ደም አይስትም ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ግን ፊልሙ ንጹሕ ቢመስልም አይታመንም፤ ከወገብ ፈሳሽ ተቀድቶ መታየት አለበት፣ ለዚያውም ሕመሙ ከጀመረ 12 ሰዓት ሲሞላው።

ልጁ ጠበል ይቅደም አለ። «ጠበሉ የትም አይሄድም፣ ሲመለሱ አብረን እንወስዳቸዋለን» አልሁት። አምቡላንሱ በሞላሌ፣ በጣርማበር አድርጎ ደብረ ብርሃን አደረሳቸው፤ ሲቲ ስካኑ ደም አሳየ፣ በዚያው ሌሊት አዲስ አበባ ገቡ።

አኑሪዝም ነበር፤ ግፊት የነፋው የደም ሥር እብጠት። ልጁ በስልክ «ምን ሊያደርጓቸው ነው?» ሲለኝ እብጠቱን በስልቻ መስዬ አስረዳሁት። ቀዶ ሐኪሙ ራስ ቅሉን ከፍቶ የስልቻውን አፍ ከውጭ በክሊፕ፣ በትንሽ የብረት መቆንጠጫ፣ ይቋጥረዋል። ሌላው መንገድ በብሽሽት ደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብቶ በፕላቲነም ሽቦ፣ ኮይል በሚሉት፣ ከውስጥ መሙላት ነው። የእናቱ ስልቻ ግን ከሥሩ ሳስቶ ነበር። ቀዶ ሐኪሙ በኋላ እንደነገረኝ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ደሙ ሲዞር በሳሳው ግድግዳ አልፎ ይታያል። አፉ ላይ ክሊፕ ቢጭን ከዋናው ደም ሥር ሊገነጠል ይችላል። ስለዚህ የፈነዳውን ጫፍ ብቻ ቋጥሮ አንገቱን፣ ማለትም አፉን፣ ተወው። ከሦስት ወር በኋላ ልጆቻቸው ህንድ ወስደዋቸው የቀረው በኮይል ተሞላ። መጀመሪያ ስሰማ «ሥራውን ሳይጨርስ ለምን ዘጋው?» ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ከባዱ ውሳኔ ያ መተው ነው። ክሊፑ ዳግም መፍሰስን አስቀረ፣ ኮይሉ ደግሞ ክሊፑ ሊነካው ያልቻለውን ዘጋ።

በመካከል የነበረውን ጊዜ አልረሳውም። ደም ከፈሰሰ ከ4ኛው እስከ 14ኛው ቀን ድረስ የአንጎል ደም ሥሮች ሊኮማተሩ ይችላሉ። ከዚህ የሚመጣውን ጉዳት ለመቀነስ የሚሰጠው መድኃኒት፣ ኒሞዲፒን፣ 60 ሚሊግራም በየ4 ሰዓቱ ለ21 ቀን ነው፤ 30 ሚሊግራሙ ፍሬ 252 ይሆናል። ልጁ 40 ገዝቶ በቂ መስሎት ነበር። ሒሳቡን በስልክ አብረን ሠራን፤ ሌሊትም ቀስቅሶ መስጠት እንዳለበት ደጋግሜ ነገርሁት።

ኮይል ከጊዜ ጋር ሊታመቅና አንገቱ እንደገና ሊከፈት ስለሚችል ድጋሚ ምርመራ አለባቸው። ልጁ ባለፈው መጥቶ «እናቴ ደህና ናት፣ ግዴታ ነው?» አለኝ። ግዴታ ነው አልሁት። ስንት በግ መሸጥ እንዳለበት ቁጭ ብለን ቆጠርን።