ድሬ ላይ የተነሳው ትራክተር

ድሬዳዋ ውስጥ የእርሻ መሣሪያ እጠግናለሁ። አምና ኅዳር ላይ ከቁልቢ በላይ ያሉ ገበሬዎች ገንዘብ አዋጥተው መጡ።

«ትልቁ ትራክተር እርከናችን ላይ አይዞርም። ትንሽ ፈልግልን ልጄ» አሉኝ ሊቀመንበራቸው።

እውነታቸውን ነው። የደጋው ማሳ ጠባብ፣ ያውም ተዳፋት ነው። 20 ወይም 25 የፈረስ ጉልበት ይበቃዋል። ለአዲስ ግን ገንዘቡ አልደረሰም። ስለዚህ ያገለገለ የጃፓን ትራክተር ፍለጋ ገባሁ። ኩቦታ፣ ያንማር፣ ኢሴኪ የሚሠሯቸው ትናንሽ ባለ 3 ሲሊንደር ናፍጣዎች በደንብ ከተያዙ ብዙ ዓመት ያገለግላሉ።

ሳቢያን አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ አገኘሁ። ሰዓቱ እኩለ ቀን ነው፤ ብረቱ በእጅ አይነካም።

«አቦ፣ በግማሽ ቁልፍ ነው የሚነሳው!» አለኝ ሻጩ።

እውነትም ተነሳ። ካምቢዮውን፣ ፍሪሲዮኑን፣ ሃይድሮሊኩን ሞከርኩ። ጭሱም ንጹሕ ነው። ተስማማን። በአይሱዙ ጭነን ደንገጎን ወጣን፣ እኔም እዚያው አደርኩ።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሣሩ ውርጭ ለብሷል። መንደሩ በሙሉ ሊያይ ወጥቷል። ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ እያቃሰተ ዞረ፣ ነጭ ጭስ ወጣ፣ ከዚያ ባትሪው አለቀ። አንድ ወጣት ጨርቅ ቤንዚን ነክሮ ወደ አየር ማጣሪያው ሊያስጠጋ ሲል እጁን ያዝኩት። ይህን ነገር ብዙ ቦታ አያለሁ። ሰው ያቃጥላል፣ ሞተርም ይሰብራል። ባትሪውን ከአይሱዙው ጋር አያይዘን ስንሞክር 4 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሲሞቅ ተነሳ። ደህና ነው ብዬ ወረድኩ።

ከሳምንት በኋላ ሊቀመንበሩ ደወሉ። «መላ አግኝተናል። ማታ ዳገት ላይ እናቆመዋለን፤ ጠዋት ቁልቁል ለቀን ማርሽ ስናስገባ ይነሳል» አሉኝ ደስ ብሏቸው። እኔ ግን ደነገጥኩ። ትራክተሩ የመገልበጫ መከላከያ ብረት የለውም። ከታች ያለው ደግሞ እርከን ነው። አንድ ቀን ማርሹ አልገባም ቢል ሹፌሩ ከሥሩ ነው የሚሆነው። «እባክዎ፣ እኔ እስክመጣ አትንኩት» አልኳቸው። በማግስቱ ወጣሁ።

ናፍጣ ሞተር እሳት የሚያስነሳ ካንዴላ የለውም። አየሩን ጨምቆ በማጋል ነው ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እነሱ ያሉት 2,400 አካባቢ። እዚያ አየሩ ቀዝቃዛም ስስም ስለሆነ ተጨምቆ በቂ ሙቀት አይሰጥም። ለዚህ ነው ሲሊንደሩን ቀድሞ የሚያሞቀው ካንዴሌታ ያለው። በመሞከሪያ መብራት ሳየው ከ3ቱ 2ቱ ተቃጥለዋል። ዘይቱ ደግሞ ለቆላ የሚሆን ወፍራም 40 ቁጥር ነበር። ብርድ ሲነካው እንደ ማር ሆኖ ሞተሪኖውን ይይዘዋል።

ሻጩ ያወቀ አይመስለኝም። ድሬ ሙቀት ውስጥ ካንዴሌታ ቢኖር ባይኖር ማንም ልብ አይለውም። እኔ ግን ትራክተሩ የት እንደሚያድር አውቅ ነበር። ያ ፍተሻ 5 ደቂቃ አይፈጅም። አላደረግኩትም፣ እስካሁን ይቆጨኛል። የሰዎቹ ገንዘብ የአንድ ዓመት ድንችና ጫት ነው።

3ቱንም ካንዴሌታ በራሴ ወጪ ቀየርኩ። ዘይቱን ብርድ ላይ ያን ያህል በማይወፍረው 15 ደብሊው 40 ቀየርነው፣ ባትሪውንም ከፍ ባለ አምፔር ተካነው። ለሹፌሩ ካንዴሌታው እስኪግል ቁልፉን ወደ ግራ ይዞ 10 ሰከንድ መጠበቅን አሳየሁት።

አሁን ለደጋ ሰው ትራክተር ስፈልግ ገና ሳይነጋ ነው ሻጩ ቤት የምደርሰው። መጀመሪያ መዳፌን ሞተሩ ላይ አሳርፋለሁ። ሞቆ ከጠበቀኝ «ነገ እመለሳለሁ» ብዬ እወጣለሁ።

ለታኅሣሥ ገብርኤል ቁልቢ ስወጣ ወደ እነሱ ጎራ አልኩ። ትራክተሩ ሜዳ ላይ፣ ከሊቀመንበሩ በር ፊት ለፊት ቆሞ ነበር።