መሐረቤን ያያችሁ

ለአንድ የፊልም ምሽት «ኦምካራ»ን በአማርኛ ሰብታይትል ሥሪልን ተባልኩ። ቪሻል ባርድዋጅ የሼክስፒርን «ኦቴሎ» ወደ ኡታር ፕራዴሽ ወስዶ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው የህንድ ፊልም ነው። «ኦቴሎ»ን በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። «ይሄማ በእጄ ነው» አልኩ።

የምመልሰው ከእንግሊዝኛው ሰብታይትል ነበር። የወገብ ጌጡ ጋ ስደርስ ቆም አልኩ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ኦምካራ ለሙሽራው ለዶሊ የሰጣት የቤተሰቡ ቅርስ ነው፣ ህንዶቹ ካማርባንድ ይሉታል። ኦቴሎ ለሚስቱ የሰጣት ግን መሐረብ ነው። «የእኛ ሰው የሚያውቀው መሐረቡን ነው» ብዬ በመጣበት ሁሉ መሐረብ አደረግኩት። ሰዓት ስላጠረኝ ከምስሉ ጋር አላስተያየሁትም። (ጊዜ ቢኖረኝስ? እንጃ። ያኔ በራሴ ልክ የለሽ እተማመን ነበር።)

ምሽቱ ደረሰ። አዳራሹ ጭጭ ብሏል። ቅናት ያንገበገበው ኦምካራ ዶሊን ስለ ጌጡ ይጠይቃታል። ከታች የእኔ ጽሑፍ፦ «መሐረቡ የታለ?»

ከኋላ አንዱ ጎረምሳ «መሐረቤን ያያችሁ!» ብሎ ለቀቀው። ግማሹ አዳራሽ ተቀበለ፦ «አላየንም ባካችሁ!»

አለቀ። ዶሊ ስትሞት እንኳ የሚስቅ ነበር።

በማግስቱ አርታኢያችን ጠሩኝ። አልተቆጡም። ፊልሙን ከፈቱና ድምፁን ዘጉት።

«በይ፣ መሐረቡን አሳዪኝ።»

ዝም አልኩ። ስክሪኑ ላይ የሚያብለጨልጭ ጌጥ ነው ያለው።

«ዳይሬክተሩ ለምን የቀየረው ይመስልሻል?»

«ህንዶች ጌጥ ስለሚወዱ ነዋ፣ ጋሼ።»

ሳቁብኝ። «መሐረብማ ማንም ያነሳዋል። የሙሽራዬ የወገብ ጌጥ ሌላ ሴት ወገብ ላይ ቢታይስ? ወገቧ ላይ ያለውን ማን ፈታው አልልም?»

ይሄ አልበቃቸውም። ኦምካራን «ግማሽ» እያሉ የሚያቃልሉበትን ቦታ አወጡ። እኔ «ጥቁር» ብዬዋለሁ፣ ያው ጥቁሩን ኦቴሎን ይዤ። «የዚህ ሰው መናቂያው እናቱ ከዝቅተኛ ካስት፣ ከተናቀ የትውልድ መደብ መሆኗ ነው» አሉኝ። «አንቺ ቆዳውን አመጣሽበት። ፊልሙን ሳይሆን መጽሐፍሽን ነው የተረጎምሽው።»

ሁለቱንም አስተካክዬ ፋይሉን መለስኩ። መሐረብ የሚለውን ቃል ስፈልግ 14 ቦታ አገኘሁት።

ከወራት በኋላ «ሃይደር» መጣልኝ፣ ያው ዳይሬክተር «ሐምሌት»ን ወደ 1995ቱ ካሽሚር የወሰደበት። የጸጋዬ «ሐምሌት» መደርደሪያዬ ላይ ነበር፣ አላወረድኩትም። መጀመሪያ ፊልሙን ድምፁን ዘግቼ እስከ መጨረሻው አየሁት።