ብርድ የመታው ሚዛን

ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሁሉም ነገር በብርድ ይሳበባል። መኪና አልነሳ ካለ ብርድ ነው። ጉልበት ካመመ ብርድ ነው። ስለዚህ የእህል መጋዘኑ ሚዛን ጠዋት ጠዋት ከኮምፒውተሩ ጋር አልግባባ ሲል የሚዛን ሠራተኛዋ “ውርጭ መቶት ነው” አሉኝ። አመንኳቸው።

ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው። ራሙ (ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚይዙት ማኅደር) 2 ጊጋባይት፣ የተጫነበትም ሲስተም ሊኑክስ። ከሚዛኑ ጋር የሚገናኘው በአንዲት ርካሽ የዩኤስቢ ገመድ ነው። ከባሶና ወራና ገብስ የጫነ አይሱዙ ሚዛኑ ላይ ይወጣል፤ ስክሪኑ ላይ ኪሎ የለም። እትዬ ገመዱን ነቅለው ሲሰኩት ይሠራል። ቀኑን ሙሉ አንዴም አይቋረጥም። በማግስቱ ጠዋት ያው።

ገመዱን በአዲስ ቀየርኩ። ለውጥ የለም። እትዬ ጋቢያቸውን አምጥተው ማታ ኮምፒውተሩን አለበሱት። እኔ ባለሙያው ቆሜ አየሁ እንጂ አልከለከልኩም።

በአራተኛው ቀን የከርነሉን፣ የሊኑክስን እምብርት፣ መዝገብ ከፈትኩ። ገመድ ሲነቀል የሚጻፈውን መስመር ነበር የፈለግኩት። የለም። ያገኘሁት የገመዱ ድራይቨር፣ ማለትም ገመዱን የሚያሠራው “ሾፌር” ፕሮግራም፣ ከሲስተሙ መውጣቱን የሚናገር መስመር ነው። ሰዓቱ ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ እቅጭ። ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም። ብርድ ሰዓት አያከብርም። ሰዓት የሚያከብረው ክሮን ነው፤ በተቀጠረለት ሰዓት ሥራ የሚያስጀምረው ፕሮግራም። የክሮኑን ትእዛዝ ደግሞ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራም ለመቆጠብ ብዬ ሌሊት ሌሊት ሥራ የፈቱ ሞጁሎችን (እንደ ድራይቨር ያሉ፣ ከርነሉ ላይ የሚጨመሩ ቁርጥራጮችን) የሚያስወጣ ስክሪፕት፣ የትእዛዝ ዝርዝር፣ ሠርቼ ነበር። ሐሳቡ ከድሮ ሊኑክስ የመጣ ነው። ያኔ የወጣውን ሞጁል፣ ፕሮግራም ሲጠይቀው ከርነሉ መልሶ ያስገባው ነበር። ዛሬ ግን የእንዲህ ያለ ገመድ ድራይቨር የሚጫነው ዕቃው ሲሰካ ነው። ገመዱ እንደተሰካ ካደረ ደግሞ ማን ይጥራው? ለዚህ ነው ነቅሎ መሰካት የሚያድነው።

ስክሪፕቱ የሚያየው የሞጁሎቹን የተጠቃሚ ቁጥር ነው። ዜሮ ከሆነ ያስወጣል። ቀን ቀን ፕሮግራሙ ሚዛኑን ይዞ ስለሚውል ቁጥሩ አንድ ነው። እትዬ ማታ ፕሮግራሙን ዘግተው ሲሄዱ ዜሮ ይሆናል። ዜሮ ማለት ግን “አሁን የያዘው የለም” እንጂ “አያስፈልግም” አይደለም። መኪናው ቆሟል ብሎ ሾፌሩን እንደማሰናበት ነው። የሚያናድደው፣ የኔትወርክ ካርዱ ድራይቨር እየሠራም ዜሮ እንደሚያሳይ አውቅ ነበር። እሱን ከስክሪፕቱ ለይቼ አስቀርቻለሁ። ስለሌሎቹ ግን አላሰብኩም።

ያተረፍኩትን ራም ደመርኩት። ከ1 ሜጋባይት ብዙም አላለፈ። ለዚህ ነው እንግዲህ ገበሬው በዚያ ብርድ ተሰልፎ የቆመው።

የክሮኑን መስመር አጠፋሁ። ድራይቨሩን በአንድ ትእዛዝ መልሼ ስጭነው ሚዛኑ ገመድ ሳይነካ ተመለሰ። በማግስቱ ጠዋት እትዬ ስክሪኑን አይተው ፈገግ አሉ።

“ምን ሆኖ ነው?”

“ሾፌሩን ሌሊት ሌሊት እያባረሩት ነው እትዬ።”

“ማን ነው የሚያባርረው?”

ጋቢውን አጣጥፌ መለስኩላቸው።