ጫማ ተቀባዩ አዛውንት

ዛሬ በሕንዷ አምሪትሳር ከተማ፣ የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች ቅዱስ ስፍራ በሆነው ወርቃማው ቤተ መቅደስ መግቢያ ላይ ጫማዬን የተቀበሉኝ ጥምጥም የጠመጠሙ አዛውንት፣ ቁጥር ያለበትን ምልክት ከሰጡኝ በኋላ አቧራውን በጨርቅ ጠርገው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት። በእጃቸው ላይ ሲኮች ከሚያደርጉት የብረት አምባር ሌላ ወፍራም የወርቅ ቀለበት አየሁ፤ ደመወዝ እንደማይከፈላቸው የነገረኝ ከኋላዬ የተሰለፈ ወጣት ነው።

ሲኮች ይህን አገልግሎት «ሴቫ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1469 የተወለዱት የሃይማኖቱ መሥራች ጉሩ ናናክ ያወረሷቸው ትምህርት የፈጣሪን ስም ማሰብን፣ በላብ ማደርንና ያገኙትን ማካፈልን አንድ ላይ የሚያስር በመሆኑ፣ ላንጋር በሚባለው ነጻ ማዕዳቸው ሀብታምና ድሃ መሬት ላይ በአንድ ረድፍ ተቀምጠው ይበላሉ። የሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ ባጋቫድ ጊታም ፍሬውን ሳይጠብቁ ግዴታን መፈጸምን ያስተምራል። ለእኔ ግን ለባለጸጋ ሰው ከመመጽወት ይልቅ የሚከብደው ከተመጽዋቹ ጎን መሬት ላይ መቀመጡ ይመስለኛል።