ኦርጋኒክ ሁለትን ዘልዬ ሜታቦሊዝም የገባሁበት ዓመት

ሰኞ ዕለት የሜታቦሊዝም (ሴል ምግብን እንዴት አፍርሶ ጉልበት እንደሚያወጣ የምንማርበት ኮርስ) ሚድ ውጤት ተለጠፈ፤ 26 ከ30። በዚሁ ኮርስ አምና ያመጣሁት 11 ነበር። ሰሌዳው ፊት ቆሜ የመታወቂያ ቁጥሬን ሦስት ጊዜ አመሳከርኩ። ዝናብ እየመታኝ እንደነበር ያወቅኩት ዶርም በር ላይ ስደርስ ነው። ከኬሚስትሪም ሆነ ከባዮሎጂ ተነስታችሁ ወደ ባዮኬሚስትሪ ለማዘንበል የምታስቡ ካላችሁ፣ በ11 እና በ26 መካከል የሆነውን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

እኔ ኬሚስትሪ ዲፓርትመንት ነኝ፤ ልቤ ያለው ግን ባዮኬሚስትሪ ላይ ነው። ስለ ፍሬሽማን ዓመት ብዙ የምለው የለኝም፤ የጋራ ኮርሶች ናቸው፣ አለፉ። የሚቆጨኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጄኔራል ኬሚስትሪ ላይ በፈርን (ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው፣ እንዳይዋዥቅ የሚይዝ ድብልቅ) ለፈተና ብዬ አንብቤ መርሳቴ። የደም ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ክልል እንዴት እንደሚጠበቅ፣ አሚኖ አሲዶች በአንዱ ፒኤች የያዙትን ቻርጅ በሌላው ለምን እንደሚያጡ፣ ሁሉም የተንጠለጠለው እዚያች ምዕራፍ ላይ ነው። ሁለተኛ ዓመትም እስከ ሚያዝያ ድረስ ደህና ነበር።

ሚያዝያ ላይ ወባ ያዘኝ። ሦስት ሳምንት ስቀር ላቡ ስላመለጠኝ ኦርጋኒክ ሁለትን (ሁለተኛውን የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ኮርስ) ድሮፕ አደረግኩ። ያኔ ትልቅ ጉዳይ አልመሰለኝም፤ አንድ ኮርስ ነው፣ በኋላ አድ አደርገዋለሁ አልኩ። ኦርጋኒክ ሁለት ግን እኛ ጋ የሚሰጠው በሁለተኛው ሴሚስተር ብቻ ነው፤ ሜታቦሊዝም ደግሞ በአንደኛው። አንዱ ካመለጠ ሌላው ዓመት ይጠብቃል። ባቾቼ ጥለውኝ ሊሄዱ ነው ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ፕሪሪኩዚቱ፣ ማለትም ከሜታቦሊዝም በፊት ኦርጋኒክ ሁለትን ውሰድ የሚለው ግዴታ፣ እንዲነሳልኝ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ተፈቀደልኝ። ደስ ብሎኝ ጓደኞቼን ጅማ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ወስጄ ቡና ጋበዝኩ።

ዓመቱን የበላብኝ ያ ፈቃድ ነው።

የግላይኮሊሲስን (ሴል ግሉኮስን የሚሰነጥቅበት መንገድ) አስሩን ደረጃዎች፣ ከነኢንዛይሞቻቸው ስም፣ እንደ ዳዊት እደግማቸው ነበር። ስንት ኤቲፒ (የሴል የጉልበት ሞለኪውል) ይወጣል ብትሉኝ ከእንቅልፌ ተነስቼ እመልሳለሁ፤ አራት ተሠርቶ ሁለት ወጪ ስለሚሆን የተጣራው ሁለት ነው። ሚዱ ላይ የመጣው ጥያቄ ግን ስምም ቁጥርም አልጠየቀም። ግሉኮስ 6 ፎስፌት ከመሰንጠቁ በፊት ለምን ወደ ፍሩክቶስ 6 ፎስፌት መቀየር አስፈለገው? ነው ያለው። አምስት ማርክ። የማውቀውን ስም ሁሉ ጻፍኩበት፤ አንዱም መልስ አልነበረም። ውጤቱን ሳይ ሜታቦሊዝምንም ድሮፕ አደረግኩ።

መልሱን ያገኘሁት በሁለተኛው ሴሚስተር፣ ኦርጋኒክ ሁለትን ከታናናሾቼ ጋር ስማር ነው። ለፋሲካ አጋሮ ቤተሰብ ጋ ሄጄ ማታ መብራት ጠፍቶ በስልክ መብራት የካርቦኒል (ካርቦን ከኦክስጅን ጋር በድርብ ቦንድ የተያያዘበት ቦታ) ምዕራፍ ሳነብ የአልዶል ሪአክሽን ጋ ደረስኩ። ሁለት ሞለኪውሎች ተያይዘው አንድ የሚሆኑበት ነው፤ ወደ ኋላ ሲሄድ ደግሞ አንዱ ለሁለት ይሰነጠቃል። የሚሰበረው የትኛውም ቦንድ አይደለም፤ ከካርቦኒሉ አጠገብ ባለው ካርቦንና ከእሱ በሚቀጥለው መካከል ነው። እርሳስ አንስቼ ግሉኮስን ሳልኩ። ካርቦኒሉ ካርቦን 1 ላይ ስለሆነ መሰንጠቂያው በ2 እና በ3 መካከል ይወድቃል፤ ባለ ሁለትና ባለ አራት ካርቦን ቁራጭ ይወጣል። ፍሩክቶስ ላይ ግን ካርቦኒሉ ካርቦን 2 ላይ ነው፤ ስንጥቁ በ3 እና በ4 መካከል ይሆንና ሁለት እኩል ባለ ሦስት ካርቦን ቁራጮች ይወጣሉ። እነሱ አንዱ ወደ ሌላው ስለሚቀየሩ ለቀሪው መንገድ አንድ መስመር ይበቃቸዋል። የአምስት ማርኩ መልስ ይኸው ነበር። ይህን ስንጥቅ የሚሠራው አልዶሌዝ የሚባለው ኢንዛይም ስሙ ራሱ ይነግረኝ ነበር፤ እኔ ግን ስሙን ስሸመድድ አንድም ቀን አልዶል ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅኩም።

በዚያው ሰሞን እናቴ ሊጥ ላይ እርሾ ስትጨምር እያየሁ ጀርመናዊው ኬሚስት ቡክነር ትዝ አለኝ። በ1897 እርሾን ፈጭቶ ሕይወት ያለው ሴል የሌለበት ጭማቂው ብቻ ስኳርን እንደሚያብላላ አሳየ፤ በ1907 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። የኛ ትምህርት የተነሳው ከእርሾ ነው ብዬ ለእናቴ ብነግራት በጣም ደስ አላት።

ሌላው የተደበቀ ፕሪሪኩዚት ቴርሞዳይናሚክስ ነው። ወረቀት ላይ አይጻፍም፣ ግን ያለ እሱ አይሆንም። ያው የአልዶሌዝ ደረጃ በስታንዳርድ ሁኔታ የፍሪ ኢነርጂ ለውጡ (ኔጌቲቭ ሲሆን ሪአክሽኑ በራሱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ፖዘቲቭ ሲሆን አይሄድም) +23.8 ኪሎጁል በሞል ነው፤ ማለትም ወደ ኋላ መሄድ ነበረበት። ሴል ውስጥ ወደ ፊት የሚሄደው ምርቶቹ መጠናቸው ዝቅተኛ ስለሆነና ወዲያው ስለሚወሰዱ ነው። የመጀመሪያው ደረጃም እንዲሁ ነው፤ ግሉኮስ ላይ ፎስፌት መጨመር ብቻውን +13.8 ይጠይቃል፣ የኤቲፒ መፍረስ −30.5 ይሰጣል፣ ሲደመሩ −16.7። ይህ ሲገባኝ ሜታቦሊዝም የስም ዝርዝር መሆኑ ቀረና ሒሳብ ሆነልኝ። ባዮኬሚስትሪ ሽምደዳ ነው ለሚላችሁ ሰው ጆሮ አትስጡ። ሰባት መቶ ገጽ ሶፍት ኮፒ በቴሌግራም መሰብሰብም ማንበብ አይደለም፤ እኔ ስልኬ እስኪሞላ ሰብስቤ ነው 11 ያመጣሁት።

ክረምት ላይ ያለፈውን ዓመት የግድግዳ ካላንደር ገልብጬ ጀርባው ላይ ኮርሶቼን ሁሉ ጻፍኩ፤ ከመጨረሻው ጀምሬ። ከላይ የመመረቂያ ፕሮጀክቴን፣ ከሱ ሥር የሚሸከሙትን፣ ከእነሱም ሥር የሚሸከሟቸውን፣ በቀስት እያያያዝኩ። ለእያንዳንዱ ሁለት ነገር ጠየቅኩ፤ ያለ የትኛው ኮርስ አይገባኝም? በየትኛው ሴሚስተር ይሰጣል? ኦርጋኒክ ሁለትን በጣቴ ስሸፍነው አራት ቀስቶች ተቆረጡ። ይህን ሁለተኛ ዓመት ላይ አይቼው ቢሆን ማመልከቻውን አልጽፍም ነበር። ላብ ያለባቸውን ኮርሶች በቀይ አከበብኳቸው፤ በአንድ ሴሚስተር ከሁለት ቀይ በላይ አልወስድም። ክሬዲቱ ትንሽ ይመስላል፣ ሪፖርቱ ግን ማታውን ሁሉ ይወስዳል። በእርሳስ ጻፉት፤ ፕሮግራም ይቀያየራል።

ይህን ሁሉ ስል ሁሉም ተስተካክሎልኛል ማለቴ አይደለም። ባቾቼ ሰኔ ላይ ሲመረቁ እኔ አብሬያቸው አልሆንም፤ አሁንም ያመኛል። ሒሳቤም ደካማ ነው። የኢንዛይምን ፍጥነት የሚያሰላው የሚካኤሊስና ሜንተን እኩልታ የ1913 ነው፣ እኔ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶም እኩልታውን ገልብጦ ቀጥ ያለ መስመር ማድረግ ላይ እየተንተባተብኩ ነው፤ ስታቲስቲክስም ገና አልወሰድኩም። እናንተ ቀድማችሁ ውሰዱት።

አሁን የቀረኝ አንድ ግጭት ነው። ጄኔቲክስ ከባዮሎጂ ልጆች ጋር ነው የምወስደው፤ ማክሰኞ ከሰዓት ከአናሊቲካል ላብ ጋር ይጋጭብኛል። ሁለቱን በአንድ ሴሚስተር የወሰደ ሰው ካለ፣ የላብ ግሩፕ መቀየር ይቻል እንደሆነና ማንን እንደጠየቃችሁ ንገሩኝ። አድ እና ድሮፕ ሳይዘጋ ማወቅ አለብኝ።